ሠራተኛ የሚለቀው ለደሞዝ ብቻ ነው?

የመልቀቂያ ደብዳቤዋን የሰጠችኝ ሰኞ ጠዋት ነበር። ሁለት ዓመት አብራኝ ሠርታለች፤ በማርኬቲንግ ክፍላችን ካሉት አራት ልጆችም ፈጣኗ እሷ ነበረች። ደብዳቤው አጭርና ጨዋ ነው፤ "በግል ምክንያት" ይላል። እንደ ብዙ አለቃ እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ ሌላ ቦታ የተሻለ ደሞዝ አግኝታለች።

ቡና ልጋብዝሽ ብዬ ይዣት ወጣሁ።

"ስንት ጨመሩልሽ?" አልኳት።

"ብዙም አልጨመሩልኝም" አለችኝ ፈገግ ብላ። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና "የአዲስ ዓመቱን ማስታወቂያ ታስታውሺዋለሽ?" ስትለኝ ነገሩ ገባኝ።

ሐሳቡ የእሷ ነበር። ቤቷ አምሽታ ጽፋ አምጥታ ያሳየችኝ እኔን ነው። እኔ ግን ለኃላፊዎች "ክፍላችን ያዘጋጀው" ብዬ አቀረብኩት። ተጨበጨበልኝ። እሷ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ታየኝ ነበር፤ ስሟን አልጠራሁም። በክፋት አላደረግኩትም፤ ልብም አላልኩትም። ለእሷ ግን ያው ነው። "የሰው ወርቅ አያደምቅ" ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ የሰው ሐሳብም እንደዚያው መሆኑን የተማርኩት ያን ቀን ነው።

ደሞዝ የሚፈታውና የማይፈታው

ማኔጅመንት የተማረ ሰው የፍሬድሪክ ኸርዝበርግን ስም ያውቀዋል። ይህ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ 200 ያህል መሐንዲሶችንና የሂሳብ ባለሙያዎችን በሥራቸው በጣም የተደሰቱበትንና በጣም የከፋቸውን ጊዜ እንዲናገሩ ጠየቀ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1959 በመጽሐፍ ወጣ። ሰዎቹን የሚያስከፋቸው በአብዛኛው የድርጅቱ አሠራር፣ የአለቃ ቁጥጥርና የመሳሰለው ሆኖ ተገኘ። የሚያስደስታቸው ደግሞ ሌላ ነበር፤ አንድን ሥራ ከዳር ማድረስ፣ ዕውቅና ማግኘት፣ ሥራው ራሱ፣ ኃላፊነትና ዕድገት። ኸርዝበርግ ደሞዝን የመደበው ከመጀመሪያው ወገን ነው። ሲያንስ ያስከፋል፤ ሲበቃ ግን ማማረሩ ይቀራል እንጂ በራሱ ሰውን ለሥራ አያነሳሳም ማለቱ ነው።

ይህን ሰምቶ "እንግዲያው ጭማሪ አያስፈልግም" የሚል አሠሪ አይጠፋም። እንደዚያ አይደለም። የቤት ኪራይ፣ የትራንስፖርትና የልጅ ትምህርት ቤት ወጪ በምስጋና አይከፈልም። ደሞዙ ወር ለማያደርሰው ሰው "እኛ እኮ ቤተሰብ ነን" ቢሉት ቀልድ ይመስለዋል። ዕረፍትም እንዲሁ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ጭማሪ ይሰጣል። ይህ መብት እንጂ የአለቃ ችሮታ አይደለም። ዕረፍት ሲጠየቅ ፊት የሚጠቁርበት ቢሮ ውስጥ የልደት ኬክ ቢቆረስ ምን ይረባል?

ከዚያ ወዲህ ምን ለወጥኩ?

ልጅቷን መመለስ አልቻልኩም። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ተቀበለችኝ፤ ሄደች። የቀሩትን ሦስቱን እንዳላጣ ግን አራት ነገሮችን ለወጥኩ።

ሐሳቡን ያመጣው ሰው ራሱ ያቀርባል። ማቅረብ ካልፈለገ ገና ሳልጀምር ስሙን እጠራለሁ።

ምስጋናዬ የተለየ ነገር ይጠቅሳል። "ጎበዝ" ለሁሉም ይባላል። "ትናንት የተቆጣውን ደንበኛ ረጋ ብለሽ ስላነጋገርሽው ውሉ ሳይቋረጥ ቀረ" የሚባለው ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ስህተትን ለብቻ፣ በር ዘግቼ እናገራለሁ።

በወር አንድ ጊዜ እያንዳንዳቸውን ለብቻ "ሥራህን የሚያከብድብህ ምንድን ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው መልስ አስደነገጠኝ፤ "ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ አስቸኳይ ነው ብለሽ የምትልኪው ሥራ" አለኝ። ለካ ዓርብ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚቀበለው እሱ ኖሯል! አሁን የሳምንቱን ሥራ ሐሙስ አጠናቅቄ እልካለሁ። አንድ ብር አላወጣንበትም።

ቤታችንስ?

ምናልባት እርስዎ የቢሮ አለቃ አይደሉም። ሆኖም ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ አሠሪዎች ነን። በቀደም ማታ ይህን ሁሉ ለባለቤቴ እያወራሁለት እራት ቀረበ። አንድ ጊዜ ጎረሰና "ሽሮው ዛሬ ልዩ ነው፤ እጅሽን ቁርጥማት አይንካው" አለኝ። እኔም ፈገግ ብዬ "አሜን" ልል ስል ቀና አልኩ። የሠራችው ልጅ እንጀራ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

ልጆቻችን ሰው እንዴት እንደሚከበር የሚማሩት በአብዛኛው እዚያው ገበታ ላይ ነው። ያን ማታ ሁለቱም ልጆቼ እያዩኝ ነበር። ስሟን ጠርቼ "እሷ ናት የሠራችው" አልኩ። አንገቷን ደፍታ ሳቀች። ባለቤቴም ምርቃቱን ለባለቤቱ ደገመላት።