በአጫጭር አምዶች የቆመው የኮርዶባ መስጊድ

ከሴቪያ ወደ ማድሪድ በመኪና የሚጓዝ ሰው 140 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ ኮርዶባ ይደርሳል። የአሮጌው ከተማ መንገዶች ጠባብ ናቸው፤ ብዙዎቹም ለነዋሪዎች መኪና ብቻ የተፈቀዱ ናቸው። ስለዚህ መኪናውን ከጓዳልኪቪር ወንዝ ማዶ አቁሞ የሮማውያኑን ድልድይ በእግር መሻገር ይሻላል። ከድልድዩ ወዲያ ተንጣሎ የሚታየው የድንጋይ ግንብ ታላቁ መስጊድ ነው፤ ዛሬ የሚያገለግለው በካቴድራልነት ነው።

መሥራቹ ቀዳማዊ አብዱራህማን፣ እ.ኤ.አ. በ750 ተቀናቃኞቹ አባሲዶች ገዢውን የኡመያ ቤተሰብ ሲፈጁ ከሶርያ ሸሽቶ ያመለጠ መስፍን ነበር። ሰሜን አፍሪካን አቋርጦ በ756 ኮርዶባን ያዘ፤ ግንባታውንም በ785 ገደማ አስጀመረ።

ግንበኞቹ አምዶቹን ያገኙት ከሮማውያንና ከቪዚጎቶች አሮጌ ሕንፃዎች ነው። ጠጋ ብሎ ላያቸው ልዩነታቸው ያስታውቃል፤ አንዱ ግራጫ ነው፣ ጎረቤቱ ቀላ ያለ፤ አንዱ ልሙጥ ነው፣ ሌላው ከላይ እስከ ታች የተሸነተረ። ችግሩ የቁመታቸው ማጠር ነበር። ጣሪያው በቀጥታ ቢያርፍባቸው ያ ሁሉ አዳራሽ ዝቅ ያለና የታፈነ ይሆን ነበር። መላው ግን ተገኘ፦ በየአምዱ አናት ላይ ሌላ የድንጋይ ምሰሶ አቆሙና ቅስቱን ደራርበው ሠሩት። የፈረስ ኮቴ የሚመስለው የታችኛው ቅስት አምዶቹ እንዳያጋድሉ እርስ በርስ ያያይዛቸዋል፤ ጣሪያውን የሚሸከመው የላይኛው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍት ስለሆነ ዓይን አሻግሮ ያያል። ነጭ ድንጋይና ቀይ ጡብ እየተፈራረቁ የተደረደሩባቸው እነዚያ ዝነኛ ቅስቶች የተወለዱት ከዚሁ ችግር ነው። እኔ ከዚህ የበለጠ ብልህ ግንባታ አላውቅም።

ተከታዮቹ ገዢዎች አዳራሹን ደጋግመው አስፋፉት። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ዳግማዊ አል-ሐከም የጸሎቱን አቅጣጫ የሚያመለክተውን ሚህራብ በወርቃማ ሞዛይክ ሲያስጌጥ፣ ለሥራው የሚሆነው ጠጠር ከቁስጥንጥንያው ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ተልኮለታል።

ክርስቲያኑ ንጉሥ ፈርዲናንድ 3ኛ በ1236 ከተማይቱን ሲይዝ መስጊዱ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በ1523 ደግሞ ከመሃሉ ብዙ አምዶች ተነቅለው ረጅም ካቴድራል ይሠራበት ጀመር። የከተማው ምክር ቤት አጥብቆ ቢቃወምም ንጉሥ ቀዳማዊ ካርሎስ ፈቀደ። እኔም ከምክር ቤቱ ጋር ነኝ፤ ካቴድራሉ ለብቻው ቢሆን ያማረ ሕንፃ ነው፣ ቦታው ግን እዚያ አልነበረም። ያም ሆኖ ከ850 በላይ አምዶች ዛሬም ቆመዋል። ጊዜ ያጠረው መንገደኛ ከብርቱካን ዛፎቹ ግቢ ቀጥሎ ካለው ክፍል ይጀምር፤ የአብዱራህማን ጥንታዊ ሥራ ያለው እዚያ ነው።