ቢስክሌትና ድንኳን በሰሜን ተራራ መንገድ

ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የደጋ ከተማ ነች። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ እርሷ ነች። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። እነዚህን ለማየት የሚመጣው እንግዳ አብዛኛው በመኪና ነው። ጥቂቱ ግን ዕቃውን ቢስክሌት ላይ ጭኖ፣ ዳገቱን በገዛ ጉልበቱ እየገፋ ይመጣል።

«መኪና እያለ ይህን ሰው ምን አንገላታው?» እንላለን። መኪናው አቧራ ጥሎብን ያልፋል። ባለቢስክሌቱ ግን ዳገት በበዛበት አገር በቀን 50 ወይም 60 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። ይጠማዋል፤ ይርበዋል፤ ይመሽበታል። ስለዚህ ደጃችን ይቆማል። ዳቦና እንቁላል የሚገዛው ከእኛ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው የመንገዱ ሰላም ነው። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የተጀመረው ጦርነት፣ በኋላም በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት እንግዳውን አርቀውታል። ሰላም ከሆነ ግን እስቲ ከጎንደር አብረነው እንነሳ። ወሩ ኅዳር ይሁን፤ ዝናቡ አባርቷል። መንገዱ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ የወገራን ደጋ ያቋርጣል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ስትሆን ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ነች።

ይህን ሁሉ ከፍታ በእግር ጉልበት እንዴት ይወጡታል? በማርሽ ነው። ካቴናው ከኋላ ወደ ትልቁ ጥርስ ሲዛወር ፔዳሉ ይቀላል። እግር ብዙ ይዞራል፤ ጎማው ግን ትንሽ ይሄዳል። በቅሎም ብትሆን ብርቱ ዳገት ሲገጥማት ቀጥ ብላ አትወጣም፤ ጠመዝማዛውን ትይዛለች አይደል? መንገዱ ይረዝማል፤ ድካሙ ግን ይከፋፈላል። ጭነቱም እንደ በቅሎ ጭነት ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት፤ አለዚያ ቢስክሌቱ ያጋድላል።

አሁን አንድ ከባድ ነገር እናንሳ። ልጆቻችን ቢስክሌት ሲያዩ እየጮሁ ይሮጣሉ። ይህ ደስታ ነው፤ ክፋት የለውም። ግን ድንጋይ የሚወረውር አለ፤ በጎማው መካከል እንጨት የሚሰድም አለ። ቁልቁለት ላይ ቢስክሌት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሊሮጥ ይችላል። ይህ ፈረስ ሲጋልብ ከሚሮጠው ጋር ይቀራረባል። በሚጋልብ ፈረስ እግር ውስጥ ዱላ ቢገባ ፈረሰኛው ምን ይሆናል? ባለቢስክሌቱም እንደዚያው ነው። አስፋልት ላይ በአናቱ ከወደቀ ሊሞት ይችላል። ልጁ ይህን አያውቅም። እኛ ግን እናውቃለን፤ ማታ እሳት ዳር ስንቀመጥ እንንገረው።

ሲመሽ ድንኳን ይተከላል። ይህ የሠርግ ወይም የለቅሶ ድንኳን አይደለም። ተጠቅልሎ ብብት ሥር ይገባል፤ ክብደቱ ሁለት ሦስት ኪሎ ቢሆን ነው። የትም መትከል ግን አይቻልም። ሜዳ መስሎት አውድማ ላይ የሚተክል እንግዳ አለ። ገበሬው ጎሕ ሲቀድ በሬዎቹን ነድቶ ሲመጣ ምን ይበል? እንግዳው ባለቤቱን ጠይቆ መትከል አለበት። እኛም ቦታ ስናሳየው ከማሳና ከከብት መንገድ የራቀውን እናሳየው። የሚከፍል ከሆነ ዋጋው ማታውኑ ይነገር፤ ጠዋት የሚነሳ ዋጋ ጠብ ያመጣል።

ደባርቅ ሲደርስ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፤ የመግቢያ ይከፍላል። ጠመንጃ የያዘ ጥበቃም አብሮት ይሄዳል። ጥበቃው የሚሄደው በእግሩ ስለሆነ፣ ቢስክሌቱን ከተማ ውስጥ አስቀምጦ በቅሎ መከራየት ይሻላል ባዮች ነን። ከበቅሎ ኪራይ፣ ከጥበቃና ከምግብ ማብሰል የሚገኘው ገንዘብ የአካባቢው ሰው ገቢ ነው። ግጭ ይባል የነበረው መንደር ሰዎች በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ አጠገብ ሰፍረዋል። ለእንግዳው መስክ የሆነው ቦታ ለእነርሱ የትውልድ ቀዬ ነበር። መንገድ መሪው ይህንንም ለእንግዳው ቢነግረው ደግ ነው።

ከደባርቅ ወዲያ የማደሪያ ሰፈሮች አሉ። ሳንቃበር 3,250 ሜትር፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። ጨነቅ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባን አየር፣ በባሕር ጠረፍ ከሚገባን ሁለት ሦስተኛው ያህል ነው። ስለዚህ የቸኮለ ሰው ራሱን ያመዋል፤ ያቅለሸልሸዋል። ካልተሻለው ወደ ቆላው መውረድ አለበት። ለማገዶ አስታ መቁረጥ አይገባም፤ ዛፉ በብርድ አገር ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ባለድንኳኑ የራሱን ትንሽ ምድጃ ይዞ ይምጣ።

ሌሊቱ ብርቱ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ድንኳኑ ላይ አመዳይ ይታያል። እርጥብ ድንኳን ከተጠቀለለ ይሻግታል፤ ስለዚህ ፀሐይ እስክታደርቀው ይጠበቃል። በዚያ ሰዓት ጭላዶቹ ካደሩበት ገደል ወጥተው፣ ሜዳው ላይ ቁጭ ብለው ሣር መንጨት ይጀምራሉ።