ስለ ካላማዳሪ አልባ የብስክሌት ጎማና ስለ አጠጋገኑ

ብስክሌት ነዳጅ የማይሻ፣ ለነጂው ጉልበት ብቻ የሚታዘዝ መሣሪያ ሲሆን፣ ከክፍሎቹ ሁሉ ለጉዳት የቀረበው፣ ዘወትር ከጠጠር፣ ከእሾህና ከጠርሙስ ስባሪ ጋራ የሚታገለው ጎማው ነው። ስኮትላንዳዊው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ በቤልፋስት ከተማ ለልጁ ብስክሌት በአየር የተሞላ ጎማ ካበጀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1888 የፈጠራ መብት ቢያገኝም፣ ጎማው ከቸርኬው ጋራ የተጣበቀ ስለ ነበር፣ የተበሳውን ነቅሎ መጠገንና መልሶ ማጣበቅ ብዙ ሰዓት ይፈጅ ነበር። ይህን ድካም የተመለከቱት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች አንድሬና ኤድዋር ሚሽለን እ.ኤ.አ. በ1891 በቀላሉ የሚፈታና የሚገጠም ጎማ አወጡ፤ በዚያው ዓመትም ሻርል ቴሮን ከፓሪስ እስከ ብሬስት ደርሶ መልስ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነው እሽቅድምድም በዚሁ ጎማ ተጉዞ ድል አደረገ። ከዚያ ወዲህ በጎማው ውስጥ አየሩን የሚይዘውን ካላማዳሪ አውጥቶ፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳውን በአረፋው ለይቶ፣ ፍቆና ማስቲሽ ቀብቶ መለጠፍ የጎሚስታ ሁሉ ሙያ ሆኖ ኖረ።

ካላማዳሪውን ጨርሶ የሚያስቀረው ሥርዓት ወደ ብስክሌት በሰፊው የገባው፣ ማቪክ፣ ሚሽለንና ሃቺንሰን የተባሉት ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ለተራራ ብስክሌት ባወጡት ሥራ ነው። በዚህ ሥርዓት የጎማው ጠርዝ ከቸርኬው ጋራ አየር እስከማያሳልፍ ድረስ ይገጥማል፤ የቸርኬው የሽቦ ቀዳዳዎችም በብዙዎቹ ላይ በልዩ ጥብጣብ ይሸፈናሉ። ጎማው ከድንጋይ ጋራ ሲጋጭ ተጨፍልቆ የሚቀደድ ካላማዳሪ ስለሌለ፣ ነጂው አየሩን ቀነስ አድርጎ አስቸጋሪውን መንገድ በተሻለ ምቾት፣ ጎማው መሬቱን አጥብቆ ይዞለት ማለፍ ይችላል።

የዚህ ጎማ ዋና ምስጢር ግን በውስጡ የሚፈስሰው ፈሳሽ ነው። ከጎማ ዛፍ የሚገኘው ላቴክስ የሚባል ነጭ ወተት፣ እንዳይረጋ በአሞኒያ ተጠብቆ፣ ከደቃቅ ቅንጣቶች ጋራ ይቀላቀልና፣ ለአንድ የተራራ ብስክሌት ጎማ ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ይጨመራል። እሾህ ጎማውን በወጋው ጊዜ የሚያመልጠው አየር ፈሳሹን ወደ ቀዳዳው ይገፋዋል፤ ቅንጣቶቹ በመተላለፊያው ይጨናነቃሉ፣ ላቴክሱም ደም ረግቶ ቁስልን እንደሚዘጋ ይረጋና አየሩን ያግዳል። ስለዚህ ፈሳሹ ለነጂው ፍጡነ ረድኤት ነው፤ ብዙ ጊዜም ጎማው መወጋቱ የሚታወቀው በላዩ ከደረቀው ነጭ ጠብታ ብቻ ነው።

ቀዳዳው ሰፍቶ ፈሳሹ ብቻውን ሊዘጋው ሳይችል በቀረ ጊዜ፣ ጥገናው በቅደም ተከተል ይፈጸማል። በመጀመሪያ መንኰራኵሩን አዙሮ ቀዳዳውን ወደ ታች ማድረግና ፈሳሹ ተጠራቅሞ እንዲረጋ ጥቂት መታገሥ ነው። ሚስማር ተሰክቶ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ውታፉ ሳይዘጋጅ ቸኩሎ መንቀል አይገባም፤ ሚስማሩ ራሱ ለጊዜው አየሩን አግዶ ይዟልና። ውታፍ የሚባለው በሚያጣብቅ ጎማ የተነከረ ሸካራ ክር ነው፤ ጫፉ ሹካ በሆነ ወስፌ ተይዞ ወደ ቀዳዳው ይገፋል፣ ጭራው ጥቂት በውጭ እንደ ቀረም ወስፌው በፍጥነት ይሳባል፤ ክሩም ተጠምዝዞ በውስጥ ይቀራል። የተረፈው ጭራ በምላጭ ይቆረጣል፣ ጎማውም ዳግም ይነፋል።

ጎማው በጎኑ በረዥሙ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ውታፍ አይበቃውም። በዚህ ጊዜ ስንጥቁን ከውስጥ በጠንካራ ጨርቅ ደግፎ፣ ቫልቩን ፈትቶ፣ መደበኛ ካላማዳሪ አስገብቶ እስከ ቤት መድረስ ነው። በቤትም የጎማው ውስጥ ታጥቦና ደርቆ፣ በአሸዋ ወረቀት ተፍቆና ማስቲሽ ተቀብቶ፣ ማስቲሹ በእጅ ሲነካ የማይዝ ሲሆን ልጣፉ በኃይል ይጫንበታል። ጎማውን መልሶ ቸርኬው ላይ ለማስቀመጥ ደግሞ ጠርዙን በሳሙና ውሃ ማራስና በኮምፕሬሰር ወይም ብርቱ አየር በሚሰጥ ፓምፕ መንፋት ያስፈልጋል፤ ጠርዙ ቦታውን ሲይዝ ጧ የሚል ድምፅ ይሰማል። ሆኖም በጎማው ጎን ከተጻፈው የግፊት ልክ ማለፍ ለአደጋ ይዳርጋል።

ይህን ሁሉ የተመለከተ ሰው፣ ካላማዳሪ አልባው ጎማ የጥገናን ጊዜ ከጉዳት በኋላ ከመሆን ከጉዳት በፊት ወደ መሆን እንዳሻገረው ይገነዘባል። ፈሳሹ በጥቂት ወራት ውስጥ እየደረቀ ስለሚሄድ፣ በተለይም በሞቃትና በደረቅ አየር፣ በየጊዜው ከፍቶ መርምሮ መጨመር ግድ ነው፤ ይህን የዘነጋ ነጂ ጎማው ከድሮው የከፋ ይሆንበታል፣ የተጋ ግን እሾህን ሳይፈራ፣ ውታፉንና አንድ ትርፍ ካላማዳሪ ይዞ ረዥም መንገድ ሊጀምር ይችላል።