ካሜራዬን ካፋን ማስለመድ

በጥቅምት መጨረሻ፣ ካፋ ውስጥ ወደ ደካ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጫካ ውስጥ ያገኘሁትን የቡና ቅርንጫፍ ፎቶ አነሣሁ። ፍሬው ቀልቶ፣ ጤዛ ቋጥሮ፣ በቅጠሎቹ መሐል ሾልኮ የመጣ ትንሽ ብርሃን አርፎበታል። ዐይኔ ያየው ቀይ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ጥላ ያረፈበት ጎኑ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፣ ብርሃን የነካው ደግሞ ፍም ይመስላል። ስክሪኑ ላይ የመጣልኝ ግን ወጥ ቀይ ነጠብጣብ ነው። የፍሬው ክብነት ጠፍቷል።

ካሜራዬ ከመዳፌ የማትበልጥ፣ ስትጠፋ ሌንሷን ወደ ሆዷ የምትሰበስብ ትንሽ ዲጂታል ናት። ያን ቀን ጥፋቱን በሌንሷ ላይ አላከክሁ። በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። በአብዛኞቹ ካሜራዎች ሴንሰር ላይ ጥቃቅን የቀለም ማጣሪያዎች ተደርድረዋል፤ ከየአራቱ ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ ናቸው። የኮዳኩ ተመራማሪ ብራይስ ባየር እ.ኤ.አ. በ1976 የፈጠራ መብት ያገኘበት ይህ አደራደር ለአረንጓዴው ያደላው፣ የሰው ዐይን ብርሃንንና ዝርዝርን ይበልጥ የሚለየው በዚያ በኩል ስለሆነ ነው። እንግዲህ ጫካው ጨለም ያለ አረንጓዴ ነው። ካሜራዋ ይህን አይታ «ብርሃን አነሰኝ» ትልና መጠኑን ትጨምራለች። አረንጓዴው ሲመቸው ትንሹ ቀይ ፍሬ ከልኩ በላይ ሞልቶ ይፈሳል፤ የፈሰሰ ቀለም ደግሞ ተመልሶ አይለቀምም።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። የብርሃን ማስተካከያውን ከዜሮ በታች ወደ 0.7 አወረድሁት፣ የቀለሙን ድምቀትም አንድ እርከን ቀነስሁ። በማግስቱ ወደዚያው ቅርንጫፍ ተመለስሁ። ፍሬው ክብ ሆኖ መጣ፤ ጤዛው እንኳ ለየብቻ ይታይ ነበር።

አረንጓዴው ራሱ ሌላ ትግል ነው። በዋንዛና በዝግባ ሥር ብርሃኑ የሚወርደው በቅጠል ተጣርቶ ስለሆነ ሁሉን አረንጓዴ ይቀባል። የቀለም ማመጣጠኛው (ዋይት ባላንስ) አውቶ ላይ ከሆነ ካሜራዋ ይህን እንደ ስሕተት ትቆጥርና ለማረም ሐምራዊ ታክልበታለች። ያኔ ቅጠሉ ወዙን ያጣል፤ ካፋ በበጋ የደረቀ አገር ይመስላል። ስለዚህ ጫካ ስገባ የፀሐይዋን ምልክት መርጬ እዚያው እተወዋለሁ። ዋጋ ያስከፍላል፤ ከዛፍ ሥር የቆመ ሰው ፊት አረንጓዴ ይሆናል። ሰው ማንሣት ስፈልግ ወደ ገላጣ ወይም ወደ ደጃፍ ወጣ እንዲሉልኝ እለምናለሁ።

«ስልክ እያለህ ይህን ሁሉ ምን አስለፋህ?» ይሉኛል። ጥያቄው የዓለምም ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 አምራቾች ከ120 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራዎችን ለገበያ አቅርበው ነበር፤ ዛሬ የቀረው የዚያ ጥቂቱ ነው፣ በተለይም ትንንሾቹን ስልክ በልቷቸዋል። እኔ ግን የስልኬን ፎቶ ካፋ ነው ብዬ ለማመን እቸገራለሁ። ስልክ ብዙ ፎቶ በአንድ ቅጽበት አንሥቶ ያዋህድና ጥላውን ሁሉ ያፈካዋል። የካፋ ጫካ ግን ያለ ጨለማው ጫካ አይደለም። ከግንዱ ሥር ያለው ጥቁረት፣ ጉሬዛው ዘሎ የሚጠፋበት ጉድጓድ መሳይ ጥላ፣ እነሱ ራሳቸው የአገሩ ቀለም ናቸው። ትንሿ ካሜራዬ ጨለማውን ተይው ስላት ትተወዋለች።

ጠባይዋን መልመድ ጊዜ ወስዷል። መዝጊያውን ስጫን ለአፍታ ታመነታለች፤ ስለዚህ ጉሬዛ ከመዝለሉ በፊት ግማሽ ድረስ ተጭኜ እጠብቃለሁ። ከውጭ ብርድ ቡና ወደሚፈላበት ሞቃት ቤት በገባሁ ቁጥር ሌንሷ ላብ ያወጣል፤ ቦርሳ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ሳቆያት ይቀራል። በክረምት ከጫማ ካርቶን ከሰበሰብኋቸው እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር አስተኛታለሁ። ሌንሷ ሲወጣና ሲገባ አየር ትስባለች፣ ከአየሩ ጋር ቀይ አቧራም ገብቷል፤ አንዲት ጉድፍ ሴንሰሩ ላይ ተቀምጣ በየሰማዩ ትታያለች። ሰማይ ቀንሼ ማንሣት የጀመርሁት በእሷ ምክንያት ነው። መብራት ስለሚጠፋም ሁለት ተጨማሪ ባትሪ ከኪሴ አይለይም።

ፍሪድሪክ ቢበር የተባለው የቪየና ሰው የካፋ መንግሥት ከወደቀ 8 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1905፣ ካሜራ ይዞ ካፋ ገብቶ ነበር። የዚያን ዘመን ሰውና ቤት ስላስቀረልን ዋጋው ትልቅ ነው። ግን ፎቶዎቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ ያ አረንጓዴ ግራጫ ሆኖ ቀርቷል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ የመዘገበውን ይህን ጫካ ስናነሣ ቀለሙን ለማስቀረት የሚያስችለን ዕቃ በእጃችን አለ። ለልጆቻችን የምናወርሰው አረንጓዴ ፋብሪካ የገመተው እንዳይሆን በእውነት እጨነቃለሁ።

ከሁሉ ያስተማረኝ አንድ ጀበና ነው። ቤታቸው ቡና የጠጣሁባቸውን አንዲት እናት ሲቀዱ አንሥቼ ፎቶውን ቦንጋ ውስጥ አሳተምሁና ወሰድሁላቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። «ልጄ፣ ጀበናዬን ምን አመድ ነሰነስክበት?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለመሳብ የተሠራ ስለሆነ ጥቁሩን ያነጣዋል፣ ነጩን ያጠቁረዋል። የእሳቸውም ፊት ገርጥቶ ነበር።

የጥቁር ሰው ፊት በፎቶ መበላሸቱ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በፊልም ዘመን ብዙ ማጠቢያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት «ሸርሊ» በሚባል የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ቡናማን በቅጡ የሚለይ ፊልም እንዲሠራ የገፋፉት የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች እንደነበሩ የኮዳክ የቀድሞ ሠራተኞች ተናግረዋል። የሰው ፊት ጉዳይ ከቸኮሌት ኋላ መሰለፉ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ደግሜ ሄድሁ። «እማማ፣ አንድ ጊዜ ይፍቀዱልኝ» ብዬ በሩ አጠገብ አስቀመጥኋቸው። መለኪያውን ፊታቸው ላይ ብቻ አሳረፍሁ፣ አንድ እርከን ቀነስሁ፣ ጢሱ እስኪሳሳ ጠበቅሁ። አታሚውንም ኮምፒውተሩ ቀለሙን በራሱ እንዳያርም ለመንሁት። ፎቶውን ሲቀበሉኝ ወደ በሩ ብርሃን ዘንበል አድርገው ያዙት። በአንድ እጃቸው ከጎናቸው ያለውን ጀበና አነሡ፣ ከፎቶው አጠገብ አስጠጉት፣ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ አዩ። ከዚያ ስኒ ሞሉልኝ።