የላስታ ጥድ

ከላሊበላ ተነሥቶ ይምርሐነ ክርስቶስን ሊሳለም የሚሄድ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ በፊት የሚያገኘው ጥዱን ነው። በእርሻና በግጦሽ የተራቆተውን ተራራ ሲያቋርጥ ቆይቶ ዕድሜ ጠገብ ደን ውስጥ ይገባል። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቁ በዋሻ ውስጥ ያነጹት መቅደስ ያለው ከዚህ ደን ጋር ነው።

ጥድ ሲባል ሁለት ዛፍ ይምታታል። በየግቢው አጥር ሆኖ የሚከረከመው የፈረንጅ ጥድ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው። የሐበሻ ጥድ ግን አገር በቀል ሲሆን ከዐረብ ልሳነ ምድር እስከ ዚምባብዌ ባሉ ደጋዎች ይበቅላል። በኢትዮጵያ ከእርሱና ከዝግባ በቀር በኮኒፈር ወገን ሌላ አገር በቀል ዛፍ የለም። ሁለቱን ጥዶች ለመለየት ፍሬያቸውን ማየት ይበቃል፤ የፈረንጁ ፍሬ እንደ እንጨት ደርቆ ይሰነጠቃል፣ የሐበሻው አተር የሚያክል ለስላሳ ፍሬ ሲበስል ወደ ሰማያዊ ጥቁር ይለወጣል።

የሐበሻ ጥድ ወንድና ሴት አለው። ፍሬ የምትይዘው ሴቲቱ ብቻ ናት፤ ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን ራቅ አድርገው ይጥሉታል። ችግኙ ቅጠሉ እንደ መርፌ ይዋጋል፤ ሲያድግ ግን ቅጠሉ ቅርፊት መስሎ ከቅርንጫፉ ጋር ይጣበቃል። ዕድገቱ አዝጋሚ ቢሆንም እስከ 40 ሜትር ሊደርስ ይችላል።

ጠላት ያበዛበት መልካምነቱ ነው። ቀላ ያለው እንጨቱ ሽታው ደስ ይላል፣ ለመጥረብ ይመቻል፣ ምስጥም አይደፍረውም። ስለዚህ ለምሰሶ፣ ለጣሪያና ለአጥር ሲቆረጥ ኖረ። በላስታ የተረፈው በአብዛኛው ታቦት ባለበት፣ ሰው ምሳር ለማንሣት በሚፈራበት ቅጽር ነው።

ይሁን እንጂ ቅጽሩ ብቻውን ለጥድ ተተኪ አያበቅልም። ጥድ ፀሐይ ወዳድ ነው፤ ልጆቹ በእናታቸው ጥላ ሥር እምብዛም አይጸድቁም። ተተኪው ትውልድ የሚበቅለው ከደኑ ጠርዝ፣ ብርሃን ባለበት ነው፤ እዚያ ደግሞ ከብትና ፍየል ሊግጡት ይጠብቁታል። እንግዲህ ደብሩን የሚወድ ሁሉ አሮጌውን ዛፍ ከምሳር ማዳኑ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ከቅጽሩ ውጭ ጥቂት ክንድ መሬት ከግጦሽ ይከልልለት። ዘሩን ወፎቹ ያመጡታል።