ያለ መምህር የሚቀጥል ትምህርት

ከናይሮቢ መሀል ከተማ በስተምዕራብ የሚገኘው ላቪንግተን፣ የመንፈስ ቅዱስ ማኅበር ካቶሊካውያን ካህናት እ.ኤ.አ. በ1899 በአካባቢው የቅዱስ አውስቲንን የተልእኮ ጣቢያ መሥርተው ቡና ያለሙበት፣ ዛሬ ግን የትምህርት ቤት ሜዳዎች የበዙበት ሰፈር ነው። በነሐሴ፣ የኬንያ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ብርዱ የልጆቹን ጣት እያደነዘዘ፣ ለጥቂት ቀናት ሶፍትቦል የተባለውን፣ የሚወረወር ኳስ በዱላ የሚመታበትን ጨዋታ እናስተምራለን።

በአሜሪካ እንዲህ ያለው የወጣቶች ሥልጠና ብዙ ጊዜ በኮሌጅ ሜዳ የሚካሄድ ሲሆን፣ መምህራኑም የኮሌጁ አሠልጣኝና ተጫዋቾቹ ናቸው፤ በትምህርት ተቋማት ፆታን ምክንያት ያደረገ መድልዎን የሚከለክለው ሕግ በ1972 ከወጣ፣ ብሔራዊው የኮሌጆች የስፖርት ማኅበርም የመጀመሪያውን የሴቶች ሶፍትቦል ሻምፒዮና በ1982 ካካሄደ ወዲህ ጨዋታው ለልጃገረዶች የነጻ ትምህርት በር ስለ ሆነ፣ ሠልጣኟ የተጫዋች መራጩን ዐይን ተስፋ አድርጋ ትመጣለች። በእኛ ሜዳ ዳር የሚቆም መራጭ የለም፤ ብዙዎቹ ልጆችም ወደ ቤት ሲመለሱ የሚቀበላቸው ቡድን የላቸውም። ስለዚህ ዘወትር የምጠይቀው፣ ልጁ ያለ መምህርና ያለ ሜዳ ሊለማመደው የሚችል ምን ይዞ ይሂድ እያልሁ ነው።

ልጆች ሁሉ የሚመኙት ዱላውን ጨብጦ መምታት ነው፤ እኔ የማስቀድመው ግን ውርወራን ነው። ሙሉው ውርወራ ክንድ ከፊት ተነሥቶ፣ በጆሮ አጠገብ አልፎ፣ ክቡን ዞሮ ኳሱን ከዳሌ ጎን ሲለቅቅ የሚፈጸም በመሆኑ፣ ጀማሪው በክቡ ግርማ ተማርኮ ጉልበቱን ሁሉ በትከሻው ላይ ይጥላል። ከታች የሚወረወር ኳስ ትከሻን አይጎዳም የሚለው ልማዳዊ አስተያየትም ስሕተት ነው። ስለዚህ ትምህርቱን ከፍጻሜው እጀምራለሁ፦ በመጀመሪያ የእጅ አንጓ ብቻ፣ ቀጥሎ ግማሽ ክብ፣ በመጨረሻም ሙሉው። የአዋቂ ሴቶች የውርወራ ርቀት 13.11 ሜትር ቢሆንም፣ ለአንጓ ልምምድ ጥቂት እርምጃ ይበቃል። የቅኔ ተማሪ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ከመውጣቱ በፊት በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ጉባኤ ቃናም አጭር ብትሆን ምሉዕ ቅኔ ናት፤ የአንጓ ውርወራም እንዲሁ በራሱ ምሉዕ ነው።

መሣሪያ የለንም ለሚሉ ወላጆች፣ ይህ ጨዋታ በ1887 በቺካጎ የጀልባ ክበብ ውስጥ በገመድ በታሰረ የቦክስ ጓንትና በእንጨት ዘንግ መጀመሩን እነግራቸዋለሁ። የእኛ ሰፈር ልጆች ያደጉበት የካልሲ ኳስ በሚገባ ያገለግላል፤ ቀይ ክር በወገቡ ዙሪያ ከተጠመጠመበት ደግሞ መምህርም ይሆናል፤ ኳሱ ሲበርር ክሩ ቀጥ ብሎ ከዞረ አንጓው በትክክል ሠርቷል፣ ከተንጋደደ ግን እጁ ወደ ጎን ዞሯል ማለት ነው።

ስለዚህ በመጨረሻው ቀን ውድድር አላደርግም፤ እያንዳንዱ ልጅ በወላጁ ፊት የካልሲ ኳሱን ወርውሮ፣ ክሩን አይቶ፣ ጉድለቱን በራሱ አንደበት እንዲናገር አደርጋለሁ። ይህን የቻለ ልጅ እስከ መጪው ነሐሴ ድረስ የሚያርመው አያጣም።