የተሰበረ የግራሶ ኒፕል፦ ተረትና እውነታ

የባሌዋ ገሰራ ጥቁር አፈር ለስንዴ የታደለ ነው፤ ለማሽን ግን አይራራም። ሲዘንብ አክስሉ ላይ ተለጥፎ ይጋገራል፣ ሲደርቅ አቧራው በየመገጣጠሚያው ይሰርጋል። በባሌ ደጋ በበልግም በመኸርም ስለሚመረት፣ ትራክተሩም ኮምባይነሩም የሚያርፉበት ጊዜ አጭር ነው። በዚህ ሁሉ መሀል ከጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ የግራሶ ኒፕል በድንጋይ ተመትቶ ይሰበራል። ኒፕሉ ርካሽ ዕቃ ነው። ኪስ የሚያራቁተው ከተሰበረ በኋላ በግምት የሚደረገው ነው።

«አንድ ኒፕል ቢቀር ምን ይሆናል? ከውጭ ግራሶ ቀባ አድርጎ መሥራት ነው» ሲባል እንሰማለን። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ኒፕሉ ውስጥ በስፕሪንግ የተደገፈች ትንሽ ኳስ አለች፤ ግራሶውን ታስገባለች፣ ቆሻሻና ውኃ ግን አታስገባም። ከፓምፑ የሚገባው ግራሶ በፒኑና በቡሹ መካከል አልፎ፣ አሮጌውን ግራሶ ከነአፈሩ ወደ ውጭ ይገፋል። ከውጭ የተቀባው ግን ወደ ውስጥ አይደርስም፤ አቧራ ሰብስቦ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ብረቱን ይበላዋል። ከፊቱ ሎደር በተገጠመለት ትራክተር ላይ ጉዳቱ የበለጠ ነው፤ የባልዲው ሸክም በሙሉ ያረፈው በጥቂት ፒኖች ላይ ነው፤ እነሱም ወዲያና ወዲህ በዝግታ ስለሚወዛወዙ ግራሶው በየጊዜው ካልታደሰ ብረት ከብረት ይፋጫል። የብዙ ሎደሮች መመሪያ በየቀኑ ወይም በየ10 የሥራ ሰዓቱ ግራሶ ይሰጥ የሚለው ለዚህ ነው። ፒኑ ላልቶ የክንዱን ቀዳዳ ሞላላ ካደረገው፣ ብየዳና ቶርኖ ቤት ይከተላል። ይህ እርሻ ላይ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ሮቤ ካልተሳካ አዲስ አበባ መሄድ ነው፤ እሱም ከሮቤ ወደ 430 ኪሎ ሜትር ይርቃል።

የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ምትክ አይሆንም። ቀጭን ስለሆነ ይፈስሳል፣ ጥላሸቱንና የብረት ብናኙንም ይዞ ይገባል።

«ግራሶ አልቀበል ካለ ኒፕሉ ሞቷል» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ የሞተው ኒፕሉ ሳይሆን፣ ከኋላው ያለው መንገድ በደረቀ ግራሶ ተዘግቶ ነው። ሸክሙ ፒኑን በአንድ በኩል ጨምቆት ግራሶው ማለፊያ አጥቶም ሊሆን ይችላል። ባልዲውን መሬት አስነክቶ ሸክሙን ማቅለል፣ ሞተሩን አጥፍቶ እንደገና መሞከር፣ ካልሆነ ኒፕሉን ፈትቶ ቀዳዳውን ማጽዳት ይቀድማል። በመዶሻ መምታት ግን ደህናውን መስበር ነው። በዚህ ላይ የማስጠነቅቀው አለ፤ በእጅ የሚሠራ የግራሶ ፓምፕ እንኳ በመቶዎች የሚቆጠር ባር ግፊት ይፈጥራል። ከተሰነጠቀ የፓምፕ ቱቦ ወይም ከሰባራ ኒፕል የሚፈነጥቅ ግራሶ ቆዳን በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ቢመስልም ውስጡን ያበላሻል፤ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው አስቸኳይ ጉዳት ነው። የሚያንጠባጥበውን በጣት አትድፈኑ። የተወጋ ሰው ካለ «ነገ እናያለን» ሳትሉ ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ውሰዱት፤ በግፊት የገባ ግራሶ መሆኑንም ለሐኪሙ ንገሩ።

አሁን ወደ ሰባራው እንመለስ። «በትራፓኖ በስተህ አውጣው» የሚለው ምክር በየጋራዡ ይሰማል። ትራፓኖ ግን የመጨረሻው ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። አንደኛ፣ የኒፕል ላዩ የጠነከረ ብረት ስለሆነ ፑንታው ይንሸራተትና የቀዳዳውን ጥርስ ይበላል። ሁለተኛ፣ ይህ ቀዳዳ መጨረሻ የለውም፤ በቀጥታ ወደ ፒኑ ይወርዳል፣ የብረት ቅርፊቱም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ በመጀመሪያ ዙሪያውን በብሩሽና በናፍታ አጽዱ። ጫፉ ከላይ ከተረፈ በሚቆለፍ ፒንሳ ጨብጦ ወደ ግራ ማዞር ይበቃል። ከላይ ምንም ካልቀረ ደግሞ፣ የኒፕሉ ሆድ ባዶ ነውና ዕድሉ እዚያ አለ፤ የሞረድ ጭራ፣ ማለትም እጀታው የሚሰካበት ባለአራት ማዕዘን ሹል ጫፍ፣ ቀዳዳው ውስጥ በቀስታ መታ መታ ተደርጎ ይገባና ወደ ግራ ይዞራል። በኃይል ከተመታ ግን ጭራው የኒፕሉን ግድግዳ ወደ ውጭ ወጥሮ ይበልጥ ያጣብቀዋል። እምቢ ካለ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ አሳድሩት።

መብሳት ግድ ከሆነ ፒኑን አውጡ፤ ቅርፊቱ በግልጽ ተጠርጎ እንዲወጣ። ፑንታውን ግራሶ ቀቡት፤ ቅርፊቱን ይይዛል። በዝግታ ብሱ። ግራ ጥርስ ባለው የሰባራ ብሎን ማውጫም አትታገሉ፤ ከውስጥ ከተሰበረ እሱ ከኒፕሉም የጠነከረ ስለሆነ ተራ ፑንታ አይነካውም።

«እሳት አሳየው፣ ይለቃል» የሚሉም አሉ። ከፒኑ አጠገብ ጎማ ማኅተም፣ ከዚያም አልፎ የሃይድሮሊክ ቱቦ አለ። በአጨዳ ወቅት ደግሞ ዙሪያው ደረቅ ገለባ ነው። እኔ በፍጹም አልመክርም።

አዲሱን ለመግጠም ሲደረስ «የገባ ይገባል» የሚባለው ብዙ ቀዳዳ አበላሽቷል። ይህን ዓይነቱን ኒፕል ኦስካር ዜርክ የተባለ የኦስትሪያ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1929 የአሜሪካ ፓተንት አስመዝግቦበታል፤ ዛሬ ግን በአንድ ልክ አይሸጥም። በሚሊሜትር የሚለካው ባለ6፣ ባለ8 እና ባለ10 አለ፤ በኢንች የሚለካውም ሩብ ኢንችና አንድ ስምንተኛ ኢንች አለ። ሩብ ኢንቹ 6.35 ሚሊሜትር ነው፤ ከባለ6 ጋር ዓይን አይለየውም፣ ጥርሳቸው ግን አይገጥምም። ባለ6ቱ በሩብ ኢንች ቀዳዳ ውስጥ ላልቶ ይቀመጥና በግፊቱ ይወረወራል። ሮቤም ሆነ መርካቶ ሶማሌ ተራ ስትልኩ ከዚያው ማሽን የተፈታ ደህና ኒፕል ናሙና ላኩ። የቀዳዳው ጥርስ ከተበላ አዲስ ጥርስ በሚያወጣ መሣሪያ ወደሚቀጥለው ልክ ማሳደግ ይቻላል።

ስታስሩም አታክርሩ። ብዙዎቹ ጥርሳቸው ሾጣጣ ስለሆነ በእጅ ገብቶ በመፍቻ ጥቂት ሲጠብቅ ይበቃል፤ ያኔ ከመጠን በላይ የጠበቀ አንገቱ ላይ በቀላሉ ይሰበራል። እዚያው ቦታ ደጋግሞ የሚሰበር ከሆነ ረጅሙን ወይም ጥምዝ አንገቱን በአጭር ቀጥተኛ ቀይሩት።

ኦፕሬተሮች፣ ኮምባይነሩ ማሳ ከመግባቱ በፊት በየልኩ ጥቂት ኒፕል፣ ንጹሕ ጨርቅና አንድ አሮጌ ሞረድ መሣሪያ ሳጥናችሁ ውስጥ አስቀምጡ።